ጭስ በውኃ ይታጠባልን?



በዚህች ጽሑፍ የማነሣውን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እዚሁ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ብዙ በማይርቅ አንድ ሰፈር፣ አብሮ አደጌ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። በዚያን ጊዜ መልስ አጣሁለት። እነሆ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ይህ ጓደኛዬ ከአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ጀምሮ አብሮኝ የተማረ፣ በመዝሙር ክፍልም አብሮኝ የቆመ ልጅ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እርሱ አጎቱ ሱቅ ገባ። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ከማለዳ ጀምሮ ጆንያ ሲያወርድና ሲጭን፣ ከገዢ ጋር ሲከራከር ይውላል። ቅዳሜ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከእኩዮቹ ጋር ወደ አንድ ሺሻ ቤት መሄድ ጀመረ። በክረምት ለዕረፍት በመጣሁ ጊዜ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሳመነታ አየኝና ሣቀብኝ፤ «አትፍራ፤ ይህ ሲጋራ አይደለም። ጭሱ በውኃ ታጥቦ ነው የሚመጣው» አለኝ። እኔም ሳብሁ። የፖም ሽታ አለው፤ ጉሮሮ አይከረክርም፤ አያስልም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ይህን የምናገረው ራሴን ንጹሕ አድርጌ ሌላውን ለመውቀስ እንዳልተነሣሁ እንድታውቁልኝ ነው።

በዚያ ቤት ፍም የምታቀጣጥልና የምታቀርብ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር ከመጣች ብዙ የቆየች አትመስልም፤ ዕድሜዋም ከዐሥራ ሰባት አያልፍም። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኖ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እርሷ ጥግ ላይ ከከሰል ማንደጃው ፊት ቁጢጥ ብላ ታርገበግባለች። እኛ ለአንድና ለሁለት ሰዓት የምንገባበት ክፍል ለእርሷ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት መዋያዋ ነው። ታስላለች። ምን ሆንሽ ሲሏት «ብርድ ነው» ትላለች።

ለሦስተኛ ጊዜ በሄድን ዕለት ይህች ልጅ ፍም በጉጠት ይዛ ወደ እኛ ስትመጣ ድንገት ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ተሸክመን ደጅ አወጣናት። ነፋስ ሲያገኛት ነቃች፤ ራሷን እጅግ እንደሚያማት ነገረችን። የቤቱ ባለቤት «እህል ሳትቀምስ ውላ ነው» አሉን። እኛም አመንን፤ ማመኑ ስለ ተሻለን አመንን። ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን።

ወደ ትምህርቴ ከተመለስሁ በኋላ ስለ ከሰል ጭስ አነበብሁ፤ ያየሁት ነገር ምን ሊሆን እንደሚችልም ያን ጊዜ ገባኝ። ለጓደኛዬ ነግሬ እንዲተው ለመንሁት። እርሱም፦ «ሳንባው የኔ፤ ገንዘቡም የኔ። እኔ ማንን በደልሁ?» አለኝ።

ጥያቄው ይህ ነው። ከመመለሳችን በፊት ግን «ታጥቧል» የሚለውን ቃል እንመርምር፤ የጓደኛዬ ልብ ያረፈው በዚህች ቃል ላይ ነውና።

ውኃው ምን ይሠራል?

ጭስን በውኃ ማሳለፍ አዲስ ነገር አይደለም። በስፋት የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በሕንድ በንጉሡ በአክበር ቤተ መንግሥት የነበረ አቡል ፈትሕ ጊላኒ የተባለ የፋርስ ተወላጅ ሐኪም፣ የትምባሆ ጭስ በውኃ ውስጥ ቢያልፍ ጉዳቱ ይበርዳል ብሎ አሰበ። በእኛም አገር ጋያ የሚባል፣ ከቅል የሚሠራና ውኃ የሚይዝ ማጨሻ በገጠር የታወቀ ነው። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በክፋት አልነበረም። ሐኪሙ ሰውን ለመርዳት አስቦ ነው። ነገር ግን የአሳቡ ደግነት ጭሱን ደግ አላደረገውም።

ውኃው በእርግጥ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከውስጡም ጥቂት ነገር ያስቀራል። አብዛኛው መርዝ ግን ያልፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ በውኃ ስለማይሟሟ እንዳለ ያልፋል። ወደ ሳንባ ጠልቀው የሚገቡ ረቂቅ ብናኞችና ካንሰር የሚያመጡ ቅመሞችም ያልፋሉ። በዚህ ላይ ጭሱ ስለ ቀዘቀዘና ስለ ለሰለሰ ሰውየው አብዝቶና አጥልቆ ይስባል። ሲጋራ ቢሆን ጉሮሮ ይቆጣ ነበር፤ ሳልም ይከለክል ነበር። ውኃው ያስቀረው ማስጠንቀቂያውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ምክረ አሳብ እንዳመለከተው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አንዱን ሲጋራ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስቦ ይጨርሰዋል፤ የሚገባውም ጭስ ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከ20 እስከ 80 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከ50 እስከ 200 ጊዜ ሊስብ ይችላል፤ እያንዳንዱም ስበት እስከ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቁጭታ የሚገባው የጭስ መጠን ከ100 ሲጋራ ጭስ ጋር ሊተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል። ይህ የጭሱ መጠን ነው እንጂ እያንዳንዱ መርዝ መቶ እጥፍ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም «ከሲጋራ ይሻላል» የሚለውን ተረት ለማፍረስ ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ከሰሉ ነው። ሲጋራ በራሱ ይነዳል፤ የሺሻው ትምባሆ ግን በላዩ ፍም ካልተቀመጠበት አይጨስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት የሚወጣውም ከዚህ ፍም ነው። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ቀይ ንጥረ ነገር ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። የኦክስጅን ቦታ ተያዘ ማለት ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያጥወለውላል፣ ሲብስም ይጥላል፤ ይገድላልም። ትምባሆ የሌለበት «የቅጠል ብቻ» ነው የሚባለውም ሺሻ በዚሁ ፍም ስለሚጨስ ከዚህ አያመልጥም። ያቺ ልጅ በአፏ ቱቦ አልነካችም፤ ውሎዋ ግን ከማንደጃው ፊት ነበር።

ሦስተኛው ሳንባው ነው። ሳንባችን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ግድግዳቸው እጅግ ስስ በመሆኑ አየር ወደ ደም ያልፍባቸዋል። ጭስ ለዓመታት ሲመላለስባቸው ግድግዳው ይፈርሳል፤ የፈረሰውም ተመልሶ አይሠራም። የአየር ቧንቧውም ይቆስላል፣ ይጠባል። ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፣ ሌሊት ተቀምጦ የሚያድር ሕመምተኛ የሚሆነው እንዲህ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ ቱቦ መቀባበል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን የመሰለ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ መንገዱን ያሰፋለታል።

አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት ለወንዝ ነበር፤ በብርጭቆ ውስጥ ለሚንቦቀቦቀውም ይሠራል።

ሌሎች አጣቢዎች

ጭስን አጥቦ ለመሸጥ የተሞከረው በውኃ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲሰማ ኩባንያዎች ማጣሪያ ያለበት ሲጋራ አቀረቡ። ኬንት የሚባለው ሲጋራ ማጣሪያ ከፍ ያለ መከላከያ ነው ተብሎ ተወደሰ። ከ1952 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ያ ማጣሪያ የተሠራው አስቤስቶስ ከተባለው ማዕድን ነበር፤ አስቤስቶስ ራሱ የሳንባ ካንሰርና የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል። ማጣሪያው ከሚያጣራው የማይሻል ሆነ። ቀጥሎ «ቀላል» የተባለ ሲጋራ መጣ፤ አጫሹ ኒኮቲኑ ሲያንሰው አጥልቆ በመሳብ ያካክሰው ነበር።

በዘመናችን ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መጣ። አሁን በገበያ የምናውቀውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ አባቱ አጫሽ ነበሩ፣ በሳንባ ካንሰርም ሞተዋል። እንደ ጥንቱ ሐኪም የእርሱም አሳብ ሰውን ማዳን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ሳንባቸው ተቆጥቶ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚህ ሕመም ሆስፒታል የገቡ ወይም የሞቱ ከ2,800 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ የሞቱት 68 ነበሩ። ምርመራው በዋናነት ያመለከተው ከቪታሚን ኢ ወደሚሠራ አንድ ቅባት ነው፤ በስውር ገበያ በሚሸጥ የካናቢስ ዘይት ውስጥ ተቀላቅሎ ነበር። ይህ ቅባት ሲዋጥም ሆነ በቆዳ ላይ ሲቀባ ብዙም አይጎዳም። ሲተነፈስ ግን ሳንባን አቆሰለ። ለሆድ የተስማማ ሁሉ ለሳንባ አይስማማም።

እንግዲህ ከአክበር ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ጭሱ በውኃ፣ በማጣሪያ፣ በባትሪ ታጠበ ተባለ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከጭሱ ይልቅ ይበልጥ የታጠበው የአጫሹ ኅሊና ነበር። ሰው መጥፎውን ነገር መጥፎ ብሎ ካወቀው ቢያንስ ይፈራዋል፤ ንጹሕ በሚመስል ነገር ውስጥ ካሳለፈው በኋላ ግን መፍራቱን ይተዋል። ይህ በጭስ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ሐሰትን በቀልድ፣ ሐሜትን በምክር፣ ስስትን በቁጠባ ስም ስናሳልፍ የምናደርገው ይኸንኑ ነው። እኔም «እህል ሳትቀምስ ውላ ነው» የሚለውን ቃል ስቀበል ያደረግሁት ይኸንኑ ነበር።

«ሳንባው የኔ» ለሚለው

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጓደኛዬ ያነሣው አሳብ ቀላል አይደለም። ሰው በራሱ አካል ላይ ነፃ ፈቃድ አለው፤ ያለ ነፃ ፈቃድ መልካምም ክፉም አይኖርም። እኛ የሰውነታችን ባለአደራዎች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም ብዬ ብመልስለት ለምናምን እውነት ነው። እርሱ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው፤ «ማንን በደልሁ?» ነው ያለው። በራሱ ጥያቄ ልመልስለት።

እንጀራ ለየራስ ይቆረሳል፤ ልብስም ለየራስ ይለበሳል። አየር ግን ለየራስ አይከፈልም። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለን ሰዎች ሁላችን የምንተነፍሰው አንዱን አየር ነው፤ ከእኔ የወጣው ወደ አንተ ይገባል። ስለዚህ «ሳንባው የኔ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ «ጭሱ የኔ» ማለት ግን አይቻልም። እርሱ መርጦ ገባ፤ መርጦም ወጣ። ያቺ ልጅ ግን የመረጠችው እንጀራዋን እንጂ ጭሱን አይደለም። የእርሱ ሁለት ሰዓት ደስታ ለእርሷ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ይህን ስነግረው ፈጥኖ መለሰልኝ፤ «እኛ ባንሄድ እርሷ ደመወዝ አታገኝም» አለ። ይህ መልስ ለብዙ ቀን አስቸገረኝ፤ እውነት አለበትና። ነገር ግን ደመወዝ የድካም ዋጋ ነው እንጂ የሳንባ ዋጋ አይደለም። ለድካሟ ከፍለናል፤ ለሳሏ ማን ከፈለ? ለተጎዳው ሰው ገንዘብ መስጠት ጉዳቱን ንግድ አያደርገውም። ደግሞም እውነት እንጀራዋ ቢያሳስበን ኖሮ «መስኮቱን ክፈቱ» እንኳ ባልን ነበር። አላልንም።

ነፃ ፈቃድ ብለን ስንከራከርም ኒኮቲንን እንዳንረሳ። የመጀመሪያውን ቀን የሳበው ፈቅዶ ነው። ከዓመት በኋላ ቅዳሜ አልደርስ ብሎት የሚቁነጠነጠው ያው ፈቃድ ነውን? ጓደኛዬ «ስፈልግ እተዋለሁ» ይላል፤ መተዉን ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ያሳድረዋል።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «እናቶቻችን በምድጃ ጭስ አረጁ፤ ዕጣንም ይጨሳል፤ ስለ ሺሻ ብቻ ምን አስጮኸህ?» ብሎኛል። በቅንነት ልመልስ። ሳንባ ጭስን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። የማገዶ ጭስ በተዘጋ ማድቤት እናቶችን ያሳምማል፤ በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ስለዚህ ከእናቶቻችን ጭስ የምንማረው ሌላ ጭስ መጨመርን ሳይሆን ማድቤታቸው መስኮት እንዲኖረው ማድረግን ነው። ዕጣንም ቢሆን በቱቦ ወደ ሳንባ አይሳብም፤ ቤት ዘግቶ ማጠንም አይመከርም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እናት ጭሱን የምትችለው ልጆቿን ለማብላት ነው፤ እኛ ግን ያን ጭስ በገንዘባችን የምንገዛው ለጨዋታ ነው።

ሕግስ?

በአገራችን ትምባሆን በሕግ መከልከል አዲስ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በጽኑ ቅጣት እንደ ከለከሉ በታሪክ ይነገራል። በዘመናችንም ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ መሸጥ ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥም ደነገገ። የሺሻ ትምባሆ ደግሞ በፍራፍሬ ጣዕም የሚሸጥ ነው። ፖሊስም የሺሻ ዕቃ ሰብስቦ ማቃጠሉን በዜና ደጋግመን ሰምተናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ትምባሆ በማናቸውም መልክ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ነበሩ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲተያይ ይህ ጥቂት ነው፤ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብትም ነው። ሕጉ መልካም ነው። ሕግ ብቻውን ግን ፍርሃትን ይሰጣል እንጂ ኅሊናን አይሰጥም። ፍርሃት የያዘው ሺሻ ቤት አይዘጋም፤ መጋረጃውን ያወፍራል፣ መስኮቱን ይቸነክራል። የሚታፈነው ደግሞ ከሁሉ በፊት ማንደጃው አጠገብ ያለው ነው።

ይህን በዓይኔ አየሁት። በገና ዕረፍት ልጅቱን ልጠይቅ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። ጎረቤቶች ፖሊስ ዕቃውን እንደ ወሰደ፣ ባለቤቱም ወደ ሌላ ሰፈር እንደ ሄዱ ነገሩኝ። «ልጅቱስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «የቷ ልጅ?» አሉኝ። ስሟን እንዳልነግራቸው እኔም አላውቀውም። ሦስት ጊዜ እሳት አቅርባልኛለች፤ አንድ ቀን ስሟን አልጠየቅኋትም። ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው አይደለሁም እንዳለ ሁላችን ተምረናል። እኔ ግን እንደዚያ እንኳ አላልሁም፤ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ምን እናድርግ?

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሺሻ የሚስበውን እንዳታርቁት እለምናችኋለሁ። ጓደኛዬ ከመዝሙር ክፍል የቀረው ሺሻ ስለ ጀመረ ብቻ አይደለም፤ ሽታው ሲታወቅበት ሰላምታ የከለከሉት ስለ ነበሩም ነው። ቅዳሜ ማታ ሱቅ ዘግቶ ለሚወጣ ለደከመ ወጣት ሌላ የምንቀመጥበት ቦታ ካላበጀንለት ምክራችን ባዶ ነው። ሻይና ዳቦ፣ ጨዋታና መዝሙር በዚያች ሰዓት ብናዘጋጅ ከብዙ ስብከት ይሻላል።

ማወቅ ያለብንንም እንወቅ። ከሰል ባለበት በተዘጋ ክፍል ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያጥወለወለው ሰው ቢገጥማችሁ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከዚያም ወደ ሕክምና ውሰዱት። «እህል አልቀመሰም» በሚል ቃል አትርኩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱ፣ በየማንደጃው ፊት ያሉትን እኅቶቻችንንም ስማቸውን እንጠይቅ። ስሙን የምናውቀውን ሰው ጭስ ውስጥ ትተን መውጣት ይከብደናል።

ጓደኛዬ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ነገር ግን በዳግም ትንሣኤ ማግስት ከሱቁ ደጃፍ ቆመን ስንጫወት ዕቃ እየቆጠረ በመካከል ቀና አለና «ያቺ ልጅ ግን ምን ሆና ይሆን?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀመረ።

«እኔ ማንን በደልሁ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ይህ የመልስ መጀመሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተም በዚሁ ጥያቄ ላይ አስቡበት፤ በሚቀጥለው ስብሰባችን እንወያይበት።

ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሰንበት ት/ቤቱ አባል